ለአባቴ ጆሮ የመጣው ማዳመጫ

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። ደብረ ታቦር ውስጥ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ በግቢያችን ዜማ ሳይሰማ የነጋበትን ቀን አላስታውስም። ተማሪዎቹ ከጋይንትም፣ ከእስቴም፣ ከላስታም ይመጣሉ። ከአጥሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው፣ ቀለባቸውን ለምነው፣ አባቴ ፊት ቁጭ ብለው የሚሰሙትን እየተቀበሉ ያዜማሉ። እኔ ሴት ስለሆንኩ ጉባኤው ላይ አልተቀመጥኩም። ጓዳ ሆኖ ምስር እየለቀሙ መስማትን ግን ማንም አልከለከለኝም። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ከፊዚክሱ ቀመር ሁሉ ቀድሞ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው ግን የአባቴ ሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው።

የጆሯቸው ነገር ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ ተማሪዎቹን «ዛሬ ድምፃችሁን ምን ዋጠው?» ይሉ ጀመር። ቀጥሎ የበር መንኳኳት አልሰማ አላቸው። ባሕር ዳር የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ችግሩ ነርቩ ላይ መሆኑን፣ የሞተው እንደማይመለስ፣ በኃይለኛ ድምፅ መደብደብ ደግሞ የቀረውንም እንደሚያጠፋው ነገረኝ። ከጆሮ ኋላ የምትንጠለጠል ትንሽ የመስሚያ መሣሪያም አደረግንላቸው። ለወሬ ትረዳቸው ነበር። ተማሪ ማዜም ሲጀምር ግን ታፏጫለች፣ ድምፁን ትቆራርጠዋለች። አንድ ቀን አውልቀው መስኮቱ ላይ አስቀመጧት። ዜማውን ቆርቆሮ አስመሰለችብኝ፣ ባልሰማው ይሻለኛል አሉ። ከዚያ ወዲህ የሚሰሙት ቀኝ ጆሯቸው ሥር ተጠግቶ የሚጮህላቸውን ሰው ብቻ ሆነ።

ማስተማሩን ግን አላቆሙም። እሳቸው ይመራሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ እሳቸው የተማሪውን አፍና የእጁን ንቅናቄ እያዩ ያርማሉ። ይህ ለአንድ ዓመት ያህል ደህና ሄደ። ስንት ዘመን ያዜሙት ዜማ በአንድ ቀን ከጉሮሮ አይጠፋም።

በዐቢይ ጾም አንድ ማለዳ፣ ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ፣ አባቴ አንድ ቦታ ላይ ድምፁን መድፋት፣ ዝቅ ማድረግ፣ ሲገባቸው ከፍ አደረጉት። ስህተት ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱም እዚያው ቦታ ላይ ከፍ አሉ። ርክርክ የሚባለው፣ ድምፁ በጉሮሮ ውስጥ እንደ ጠጠር ላይ ውኃ የሚንከባለልበት ምልክት፣ ጠፍጣፋ ሆኖ አለፈ። ከዚያ በኋላ ባልፈልግም ጆሮዬን ማገድ አልቻልኩም። ዕዝሉ ወደ ግዕዙ እየተንሸራተተ ነበር። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ተማሪዎቹ አብረዋቸው መንሸራተታቸው ነው። የኔታ ያሉትን እንዳሉት መቀበል ነው ሥራቸው።

ከተማሪዎቹ አንዱ ከላስታ የመጣ፣ ሚስቱን አገር ቤት ትቶ ዕድሜውን ከመምህር መምህር ሲዞር የጨረሰ ጎልማሳ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ወደ ምስክር ቤቱ ሄዶ ተፈትኖ፣ የድጓ መምህር ተብሎ ሊመለስ ተዘጋጅቷል። ድምፁ ወፍራምና የማይቸኩል ነው። እሱ ትክክለኛውን ዜማ አባቴ ደህና ሳሉ ተምሮታል። ያንን ደህናውን ቀን በቀን እየሻረ አዲሱን ስህተት ሲተካበት ጓዳዬ ሆኜ ሰማሁት። ያ ያስጨነቀኝን ያህል የአባቴ መደንቆር ራሱ አላስጨነቀኝም።

ለአባቴ ነገርኳቸው። ቀኝ ጆሯቸው ሥር ሆኜ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ ዜማው እየተበላሸ ነው አልኳቸው። አልተቆጡም።

«ጆሮዬ ነው እንጂ የደነቆረው፣ ጉሮሮዬ አልደነቆረም» አሉኝና ወደ ጉባኤያቸው ተመለሱ።

ለላስታው ሰው ብነግረው ደግሞ እሱም ያውቀው ኖሯል። መሬት መሬት እያየ፣ የኔታ ያሉትን ትቶ የራሱን ቢል በምን አፉ የኔታ ብሎ እንደሚጠራቸው ጠየቀኝ። የምስክር ቤቱ መምህራን ግን ይህንን ዜማ ይዞ ቢሄድ እንደሚመልሱት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በዚህ ዕድሜው ከተመለሰ፣ እንደገና ሀ ብሎ የሚጀምርበት ጉልበት አልነበረውም።

ታናሽ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ስንደዋወል የምታነሳው የአባታችንን ጆሮ ብቻ ሆነ። አሠሪዋ ሙዚቃ የሚወድ፣ አንድ ክፍል ሙሉ መስሚያና ማጫወቻ የሞላበት ሰው ነው። አንድ የቆየ ማዳመጫ በአዲስ ሲቀይር፣ አባቴ አይሰሙም ብላ አልቅሳ ለመነችው። ሰጣት። ለበዓል ወደ አገር በምትገባ ጓደኛዋ እጅ ላከችው። ስልኩ ላይ የደስታዋ ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ጥሩው ነው፣ ሰውዬው ራሱ ነው የነገረኝ፣ በዚህ ያልሰሙ በምንም አይሰሙም አለችኝ።

ሳጥኑን ስከፍተው ከለመድኩት ማዳመጫ ጋር የሚያመሳስለው ነገር አጣሁበት። ሁለት የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የሚያህሉ ክብ ነገሮች በወፍራም ቆዳ ተያይዘዋል። ጀርባቸው አልተደፈነም፤ እንደ ወንፊት ክፍት ነው። ክብደቱ አንገት ያጎብጣል። በተራው ማዳመጫ ውስጥ ድምፅ የምታወጣው ትንሽ የወረቀት ቆብ የመሰለች ነገር ናት። በዚህ ውስጥ ግን ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሰፊ ገጽ በማግኔቶች መካከል ተወጥሯል። ማግኔቱ ኃይለኛ ከመሆኑ የተነሳ ጠጋ ስል የፀጉሬን ማስያዣ ሽቦ ሳበብኝ። ገመዱ እንደ ጣት ወፍራም ነው። ጫፉ አራት እግር ያለው ክብ ብረት ሲሆን፣ ደብረ ታቦር ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ዕቃ ሊኖር እንደማይችል ገና ሳየው ገባኝ።

ወደ ገበያ ይዤው ወረድኩ። እዚያ ሬዲዮና ማጉያ የሚጠግኑ አንድ ሙስሊም ባለሱቅ አሉ። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። አባቴን ከወጣትነታቸው ያውቋቸዋል። ማዳመጫውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ጫፉን ቆርጠን በሌላ ጃክ እንበይደው ወይስ ይቅር ብለው ጠየቁኝ። አንዴ ከተቆረጠ እንደማይመለስ ሁለታችንም እናውቃለን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ይቆረጥ አልኩ።

ተበይዶ ስልኬ ላይ ሲሰካ፣ የወጣው ድምፅ ከግድግዳ ማዶ የሚወራ ወሬ ያህል ነበር። የስልኩን ድምፅ እስከ ጥጉ ከፈትኩት፤ ለውጥ የለም። እኔ ደህና ጆሮ ያለኝ ሴት እንኳ የገበያው ጫጫታ በክፍቱ ጀርባ ገብቶ ዋጠብኝ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እህቴ ስንት ለምና የላከችው ዕቃ ነው! ባለሱቁ ቅር እንዳይለኝ እያዩኝ፣ በሬን በገለባ ገመድ አሥረሽ እረሺ ማለት ነው እኮ አሉኝ። ነገሩ እውነት ነበር። ያን ሰፊ ገጽ ለማንቀሳቀስ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ስልክ ደግሞ የለውም።

የሚቀጥሉትን ሳምንታት ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ሱቁ መሮጥ ሆነ ሥራዬ። መጀመሪያ ክራር የሚጫወቱ ልጆች የሚጠቀሙባትን ትንሽ አምፕሊፋየር ሞከርን። ድምፁ ጨመረ። ወፍራሙ ክፍል ግን ጠፋ፤ ሰው በጥርሱ ብቻ የሚናገር መሰለ፤ ከፍ ስናደርገው መሰንጠቅ ጀመረ። ቀጥለን ለሰርግ የሚከራየውን ሞንታርቦ አሰብን። ያ ደግሞ ጉልበቱ ከመጠን ያለፈ ነው፤ ገና ሲከፈት የሚያሰማው እምምታ ብቻ ጆሮ ይበሳል። የመስጊዱን ማጉያ እንሞክር ስል ባለሱቁ እጃቸውን አወዛወዙ። የዚያ መውጫ ከጣሪያ ላይ ላለ ቀንድ መሰል ድምፅ ማውጫ የተሠራ ስለሆነ ያንን ስስ ገጽ በአንዴ ያቃጥለዋል አሉ። አስልቼው ነበር፤ ልክ ናቸው። የሚያስፈልገን ጉልበት ያለው ግን ጨዋ የሆነ፣ ዝም ሲል ዝም የሚል ማጉያ ነው። ያንን አሁን ማንም አይሸጥም፤ ማንም አይገዛምና።

ሰኔ ገባ። የላስታው ሰው ስህተቱን እያጠራ፣ እያሳመረ፣ እያጸና ነበር። አንዳንድ ማለዳ ውኃ ከፍቼ ድስት እያጋጨሁ ላለመስማት እሞክር ነበር።

በመጨረሻ ባለሱቁ አንበሳሜ ያሉትን ታላቅ ወንድማቸውን አስታወሱ። ወንድማቸው ድሮ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው፤ ካሴት ይቀዱበት የነበረው የድሮ ማጉያ ካልተሸጠ እዚያው መኖር አለበት አሉኝ። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ሄድኩ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል፤ የዚያን ቀን ስንሄድ ክፍት ነበር። ሰውየው አሁን የስልክ ካርድና ቻርጀር ነው የሚሸጡት። ማጉያው ከበርበሬ ጆንያ ሥር፣ ሁለት ጎኑ እንጨት የሆነ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ሆኖ ተገኘ። አቧራውን በሽርጣቸው ጠረጉት። ለማን እንደምፈልገው ነገርኳቸው። ዋጋ እንዳላነሳ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ውሰጂው። አላህ ያሰማቸው» አሉኝ።

ስመለስ መንገዱ ተዘጋ። መኪናው ወደ አንበሳሜ መልሶ አወረደን። ዝናቡ ሲወርድ ማጉያውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አቅፌ የተቀመጥኩበት የሻይ ቤት በረንዳ ትዝ ይለኛል። እንደ ታመመ ልጅ ነበር የያዝኩት። ለላስታው ሰው ደወልኩለት። ሳልመጣ እንዳይሄድ ለመንኩት። ሌሎች ሁለት ደቀ መዛሙርት ቀደም ብለው ሊነሱ ስላሰቡ አብሯቸው ሊሄድ ዳድቶት ነበር። ለምን እንደምለምነው አልነገርኩትም። አጥብቆም አልጠየቀኝ። እጠብቃለሁ አለ፤ ጠበቀም።

በማግስቱ መንገዱ ተከፍቶ ገባሁ። መብራት ግን የለም። መብራት የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ከሰዓት ነው። ባለሱቁ ራሳቸው መጥተው ገመዱን በማጉያው የስፒከር መውጫ ላይ በቀጥታ አሰሩልኝ፤ የጆሮ ማዳመጫ መውጫው በቂ አልነበረም። መጀመሪያ እኔ አደረግሁት። ያጫወትኩት ከብዙ ዓመት በፊት በስልክ የቀዳሁትን የአባቴን ዜማ ነው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። የአባቴ ትንፋሽ አለ። ከንፈራቸው ሲላቀቅ ይሰማል። ብራናው ሲገለበጥ ይሰማል። ርክርኩ ጠጠር ጠጠሩ ለየብቻው ይቆጠራል። ከሁሉም ኋላ፣ ከግቢው ወዲያ ጥግ፣ አንዲት ሴት ዶሮ «እሽ» ብላ ታባርራለች። እናቴ ነች። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ በዚያ ቅጂ ውስጥ መኖሯን አላውቅም ነበር። ማዳመጫውን አውልቄ ለባለሱቁ ጀርባዬን ሰጠሁ። እሳቸውም ገመድ የሚያስተካክሉ መሰሉ።

አባቴን አስቀመጥናቸው። የላስታው ሰው በተለመደው ቦታው በርጩማ ላይ ከጎናቸው አለ። ማዳመጫው ቆባቸውን ደርቦ ራሳቸው ላይ ሲቀመጥ አንገታቸው ዘመም አለ። ቁልፉን ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የለም። ጨመርኩ። የለም። እኔ ከምችለው በላይ ሆኖ፣ ዜማው ከክፍቱ ጀርባ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ያኔ መቁጠሪያቸውን የምትቆጥረው እጅ ቆመች።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ፊታቸው እንደዚያ ሲፈታ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው! ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። የእናቴ ድምፅ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ፊታቸውን አየሁ፤ አልሰሟትም። ያን ያህል ስስ ድምፅ አይደርስላቸውም። ድገሚልኝ አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። ባለሱቁ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። እኔ ግን ለደስታው ጊዜ አልነበረኝም። ያንን ሁሉ የለፋሁት ለቀጣዩ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ከጓዳ በር የቀዳሁትን፣ የላስታው ሰው ያንኑ ዜማ ሲያዜም የነበረውን፣ ከፈትኩላቸው።

መጀመሪያ ግንባራቸው ተቋጠረ። ቀጥሎ እጃቸው ለማረም ተነስታ አየር ላይ ቀረች።

«ይህን ማን አስተማረው?» አሉ።

ደንቆሮ የራሱን ድምፅ መጠን አያውቅምና ጥያቄው ግቢውን አልፎ ተሰማ። የላስታው ሰው አንገቱን ደፋ። ባለሱቁ ወደ በሩ ተመለከቱ። አባቴ ተማሪው ማን እንደሆነ ገና አልለዩትም ነበር፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። እንደገና ጠየቁ፤ በቁጣ ሳይሆን ለዚያ ተማሪ በማዘን፣ የትኛው መምህር ነው ይህን የበደለው አሉ። የማዳመጫውን ቀኝ ጎን አነሳሁና ጆሯቸው ሥር ተጠጋሁ።

«አንቱ ነዎት፣ አባቴ» አልኳቸው።

ወደ ላስታው ሰው ዞሩ። እሱ እንደተደፋ ነው። አገጩን በእጃቸው ቀና አድርገው እውነት መሆኑን ጠየቁት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። የሁለቱንም ቅጂ እንደገና እንዳሰማቸው በእጃቸው አሳዩኝ፤ የራሳቸውን፣ ከዚያ የእሱን፣ ከዚያ የራሳቸውን። አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ሲሉ፣ ስለ ሐሜት ይመስለኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

በማግስቱ ተማሪዎቻቸውን ሰበሰቡ። አላራዘሙም፤ አላለሳለሱም። ከባለፈው ዓመት ወዲህ ከእኔ የተቀበላችሁትን ጣሉት አሉ። ወደ ሌላ መምህር እንዲሄዱም መርቀው አሰናበቷቸው። ጎጆዎቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። የላስታው ሰው ግን ጓዙን አላነሳም። የኔታ ያበላሹትን የኔታ ያቃኑልኝ እንጂ ሌላ ዘንድ አልሄድም አለ። አባቴ ይህን ስጮህላቸው ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ማዳመጫውን አምጪ አሉኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ማይክ ተውሰን ከማጉያው ጋር አገናኘነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የላስታው ሰው ወደ ማይኩ ያዜማል፣ አባቴ በማዳመጫው ይሰሙታል። የድሮውን ቅጂ ደግሞ እየመለሱ ራሳቸው ከራሳቸው ይማራሉ። አባቴ እንደ ተማሪ ሲቀመጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ባለሱቁ የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር አመጡልን። ማጉያው ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት እንደ ምጣድ ይግላል፤ በማራገቢያ አናፍሰው ነበር።

የሐኪሙን ቃል አልረሳሁትም። በየሳምንቱ ቁልፉ ትንሽ ወደ ቀኝ እየዞረ እንደሚሄድ አይቻለሁ። ጆሯቸው ውስጥ ደወል ይደወላል፤ ሲጨርሱ ግድግዳ ይዘው ነው የሚነሱት። አንድ ቀን ማይኩን ነቅዬ ተንበረከክሁና ቀኝ ጆሯቸው ሥር ጮህኩ። ይብቃ፣ የቀረዎትም ይሄዳል፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ያውቃሉ አልኳቸው። ሰሙኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«ልጄ፣ የቀረኝ እፍኝ እህል ነው። አንድ ቀን ከምበላው ልዝራው» አሉኝ።

ማይኩን መልሼ ሰካሁ። ምን ላድርግ! ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ በተዘጋው በር ውስጥ ግን የላስታው ሰው ዜማ እየገባ፣ አዎ፣ እየተቃና ነበር። ድፋቱ ተደፋ። ርክርኩ ተመለሰ። አንድ ዓይኔ ያለቅሳል አንድ ዓይኔ ይስቃል እንደሚሉት አልነበረም፤ ሁለቱም ዓይኖቼ አንድ ዓይነት እንባ ነበር የሚያነቡት። በዚያው ሳምንት እህቴ ደውላ ሰሙ ወይ አለችኝ። ሰምተዋል አልኳት። እልልታዋ ስልኩን ሰነጠቀው። የቀረውን አልነገርኳትም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ዝናቡ አባርቶ ግቢው ይተናል። አባቴ ማዳመጫውን አድርገው የላስታውን ሰው አፍ አፉን ያያሉ። እሱ አንድ ረጅም የዕዝል ዜማ ጀምሮ ግማሽ ደርሷል። ቁልፉ ጥጉ ላይ ነው፤ ድምፁ ከማዳመጫው ጀርባ ወጥቶ እስከ እኔ ድረስ ይመጣል። አባቴ ጥቂት ጠበቁ።

«ጀምር እንጂ» አሉት።

የላስታው ሰው ዜማውን አላቋረጠም። ወደ እኔ አየ፣ እኔም ወደ እሱ አየሁ፣ እያዜመ ቀጠለ። አባቴ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ማጉያዋ መብራት ተመለከቱ። መብራቷ በርቷል። ያኔ ገባቸው። ማዳመጫውን ራሳቸው አወለቁ። እንደ ብርጭቆ ተጠንቅቀው ወንበሩ ላይ አኖሩት። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ እሱ ዘርግተው ቀጥል አሉት፤ ከንፈሩን እያዩ እስኪጨርስ ጠበቁት። ሲጨርስ መረቁት። ምርቃቱ ረጅም ነበር። ከድጓው ገና ያላቃኑት ክፍል ነበር፤ ያንን እንዳለ ተዉት።

በመስከረም የላስታው ሰው ወደ ምስክር ቤቱ ሄደ። ከወር በላይ ወሬው አልተሰማም። በኋላ ደውሎ ነገረኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ አንድ ቦታ ድረስ መምህራኑ ምንም ሳይነኩት አሳለፉት። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እንደገና እንዲማር እዚያው አስቀርተውታል። የት ላይ እንዳቆሙት ሳይነግረኝ አወቅሁት። አሁንም እዚያው ነው። ሚስቱ ከላስታ ሄዳ እንደጠየቀችው ሰምቻለሁ።

አባቴ አሁን ጆሯቸው ሥር ተጠግተው ቢጮሁባቸውም አይሰሙም። የምነግራቸውን በትምህርት ቤት ጠመኔ ትንሽ ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ። ግቢው ጸጥ ብሏል። ጎረቤቶች መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው እንቅልፍ ነሳን ይሉኝ ነበር፤ አሁን ለምደውታል። እኔ አልለመድኩትም። ጠዋት ጫማዬን ሳስር እጄ ይቆምና የማይመጣ ነገር እጠብቃለሁ።

ለኅዳር ጽዮን ወደ ደብራችን ወሰድኳቸው። ማኅሌቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጎህ ቀዶ ብርሃኑ በመስኮት ሲገባ፣ ከሴቶች በኩል ቆሜ አያቸዋለሁ። መቋሚያቸውን ይዘው በድሮ ቦታቸው ቆመዋል። ከበሮውንና የሌሎቹን መቋሚያ በዓይናቸው እየተከተሉ ይወዛወዛሉ፤ አንዲት ጊዜም አልሳቱም። መሪው ለክብራቸው ብሎ ቀጣዩን እሳቸው እንዲያነሱት በእጁ ጋበዛቸው። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረው ጠበቁ። አባቴ ራሳቸውን በትሕትና ነቀነቁ። አጠገባቸው ወደ ቆመው ወጣት መሪጌታ በእጃቸው አሳዩ። ወጣቱ አነሳው። እሳቸው ከንፈራቸውን እንደገጠሙ እስከ መጨረሻው ቆሙ።

ስንመለስ ክንዴን ይዘው ነበር የሚሄዱት። ባጃጅ አልፈለጉም። የገበያው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ያ ልጅ እንዴት ነበር? ደህና አነሳው?» አሉኝ ጮክ ብለው። መንገደኛው ሁሉ ዞረ።

ሰሌዳዬን ቤት ትቼዋለሁ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ፊቴን አጥብቀው አዩ፤ መዋሸት አለመዋሸቴን ይመረምሩ ይመስል። እውነቴን ነበር፤ ደህና ነው ያነሳው። ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙና ዳገቱን ጀመርነው።